የባቲ ድል ወንበራ ሁለት ቃል

በፍርድ ቤት መዝገብ ላይ የከሳሽና የተከሳሽ ስም፣ የምስክሮች ቃል፣ የዳኛውም ፍርድ ይጻፋል። ከሳሹ ወደ ችሎት ከመምጣቱ በፊት ግን በቤቱ ውስጥ ከምድጃው አጠገብ ተቀምጦ ከሚስቱ ጋር የተመካከረው ምክር አይጻፍም። እኔ በሸዋ ሮቢት በጸሐፊነት ሳገለግል እንዳስተዋልሁት፣ ነገሩን ያስጀመረውም ሆነ ያስጨረሰው ብዙ ጊዜ ይህ በመዝገብ ያልገባው ቃል ነው። አባቶቻችን «ባልና ሚስት ካንድ ባሕር ይቀዳል» ብለው መናገራቸው ያለ ምክንያት አይደለም።

ይህ ነገር በገበሬውና በነጋዴው ቤት እውነት ከሆነ፣ በጦር አዝማቾችና በነገሥታት ቤትማ እንዴት አብልጦ እውነት አይሆን! በታሪክ መጽሐፍ ውስጥ ጦሩን የመራው ሰው ስሙ በትልቁ ይጻፋል። በድንኳኑ ውስጥ አብራው የኖረችው ሚስቱ ግን ከተነሣችም በአንድ መስመር ታልፋለች። ስለዚህ ዛሬ ለቤተ ሰብ ገጽ አንባቢዎች፣ ይልቁንም ለእመቤቶች፣ ከአምስት መቶ ዓመት ገደማ በፊት የነበሩትን የባቲ ድል ወንበራን ታሪክ ለማቅረብ አስቤአለሁ። ባቲ ድል ወንበራ የኢማም አሕመድ ኢብራሂም ባለቤት ነበሩ። ኢማሙን «ግራኝ አሕመድ» በሚለው ስም የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም፤ ባለቤታቸውን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው።

ይህ ታሪክ ለእኛ ለይፋት ሰዎች የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። ዛሬ ማሽላና ማሾ፣ ሽንኩርትም በሚበቅልበት በዚህ ቆላ፣ ከበላዩም ባለው ዳገት ወገብ ላይ፣ በ1277 ዓ.ም. ገደማ የወላስማ ቤተ ሰብ የይፋትን ሱልጣንነት አቋቁሞ ነበር። እንደ ኖራና እንደ አስባሪ ባሉት ስፍራዎች የሚታየው የድንጋይ ቤትና የመስጊድ ፍርስራሽ የዚያ ዘመን ምስክር ነው። በ1324 ዓ.ም. ዐፄ ዐምደ ጽዮን በይፋት ላይ ዘመቱ። ከዚያም በኋላ ትግሉ ከአባት ወደ ልጅ እየተላለፈ ሲሄድ ሱልጣን ሰዐደ ዲን በዘይላ ተገደሉ፤ ልጆቻቸውም ኋላ መንበራቸውን በአዳል አቆሙ። ከይፋት የወጣው ያ ቤት ነው እንግዲህ፣ ባቲ ድል ወንበራ በተወለዱበት ዘመን በሐረርና በዘይላ ምድር በሱልጣንነት ስም ይኖር የነበረው።

የባቲ ድል ወንበራ አባት አሚር ማሕፉዝ ናቸው። አሚር ማሕፉዝ በዐቢይ ጾም ወራት፣ የደጋው ሰው በጾም በደከመበት ጊዜ፣ ወደ ክርስቲያኑ አገር እየዘመቱ ለብዙ ዓመት ያስጨነቁ የጦር ሰው ነበሩ። በ1509 ዓ.ም. ግን ከዐፄ ልብነ ድንግል ሠራዊት ጋር ሲዋጉ ሞቱ። ልጃቸውም አባቷን ያጣች፣ የአባቷንም ስም የወረሰች ሆና ቀረች። «ባቲ» የማዕርግ ስም ሲሆን፣ «ድል ወንበራ» ደግሞ «መቀመጫዋ ድል ነው» እንደ ማለት ነው። ስሙ ለባለቤቱ ትንቢት ይመስላል፤ ነገር ግን እንደምናየው ወንበሩ በጽኑ መሬት ላይ አልቆመም።

ኢማም አሕመድ የአሚር ማሕፉዝን ልጅ ማግባታቸው ስለ ፍቅር ብቻ ነው ለማለት አይቻልም። እንደ እኔ አስተያየት፣ ኢማሙ ገና ጐልማሳ ሳሉ ከእርሳቸው በዕድሜ የሚበልጡት ጭፍሮች እንዲከተሏቸው ካደረጓቸው ነገሮች አንዱ ይህ ጋብቻ ነበር። የማሕፉዝን ስም የሚወድ ሁሉ የማሕፉዝን ልጅ ባል ይወድ ነበርና። ሚስት ወደ ባሏ ቤት ይዛ የምትገባው ጥሎሽና ጌጥ ብቻ አይደለም፤ የአባቷን ወዳጆችና የአባቷን ቂም ደግሞ ይዛ ትገባለች።

ዘመቻው በተጀመረ ጊዜ ባቲ ድል ወንበራ በሐረር ተቀምጠው ወሬ የሚጠባበቁ ሴት አልሆኑም። የዘመቻውን ታሪክ በዓረብኛ የጻፈው ዓረብ ፈቂህ የተባለው የዚያው ዘመን ጸሐፊ እንደሚናገረው፣ ከባላቸው ጋር አብረው ለመዝመት ተነሡ። በዚህ ጊዜ ወታደሮቹ አጕረመረሙ። ከኢማሙ በፊት የነበሩት አሚሮች ሚስቶቻቸውን ይዘው አልዘመቱምና ይመለሱ አሉ። ኢማሙ ግን የጭፍሮቻቸውን ቃል አልሰሙም፤ ባለቤታቸውም አልተመለሱም። መንገዱ ገደልና ዳገት በሆነበት ስፍራ ሰዎች ተሸክመው ያሻግሯቸው ነበር። ከቆላው ወደ ደጋው የሚወስደውን አቀበት በእግሩ የወጣ የይፋት ሰው ይህ ምን ያህል መከራ እንደ ሆነ ሳይነገረው ያውቃል። በዚሁም በዘመቻው ዓመታት ሁለት ወንዶች ልጆች ወለዱ፤ ከነዚህም አንዱ መሐመድ ተባለ።

በመጋቢት 1521 ዓ.ም. በሽምብራ ኩሬ በተደረገው ጦርነት ኢማም አሕመድ ዐፄ ልብነ ድንግልን ድል አደረጉ። በ1523 ዓ.ም. ደግሞ አንጾኪያ በተባለው ስፍራ፣ ሊቃውንት ከሸዋ ሮቢት በስተ ሰሜን ባለው በዛሬው የአንጾኪያ ወረዳ እንደሚሆን በገመቱት፣ ዳግመኛ ድል አገኙ። በዚያ ቀን የመድፍ ድምፅ የንጉሡን ሠራዊት እንዳስደነገጠ ተጽፎአል። ከዚያም ወዲያ ጦሩ ዐምሐራንና ትግራይን አዳረሰ፤ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፤ ሕዝብ ከቦታው ተፈናቀለ፤ ብዙ እናት ልጅዋን አጣች። ይህን መሸሸግ አይገባም፤ የአንድን ወገን ድል ስንጽፍ የሌላውን ወገን ልቅሶ ደግሞ ልንጽፍ ግድ ነውና።

በዚያ ወገን ካለቀሱት እናቶች አንዷ የዐፄ ልብነ ድንግል ባለቤት እቴጌ ሰብለ ወንጌል ናቸው። ባላቸው ከአምባ ወደ አምባ ሲሳደዱ አብረው ተሳደዱ። የበኵር ልጃቸው ፊቅጦር በጦርነት ሞተ። ሌላው ልጃቸው ሚናስ ደግሞ ተማረከ፤ ኋላም በባሕር ተሻግሮ በየመን በዘቢድ ለነበረው ለቱርኩ ፓሻ እንደ እጅ መንሻ ተሰጠ። በመስከረም 1533 ዓ.ም. ደግሞ ዐፄ ልብነ ድንግል በደብረ ዳሞ ዐረፉ። መንግሥቱን ልጃቸው ዐፄ ገላውዴዎስ ገና በወጣትነታቸው ተቀበሉ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ባልን፣ ልጅንና የልጅን ነፃነት ያጣች ሴት በኀዘን ብትወድቅ ማን ይፈርድባት ነበር? እቴጌይቱ ግን አልወደቁም። በሐምሌ 1533 ዓ.ም. ክሪስቶፎ ዳ ጋማ አራት መቶ የፖርቱጋል ወታደሮች ይዞ ከምጽዋ ሲነሣ፣ ከተጠጉበት አምባ ወርደው ከጦሩ ጋር ተጓዙ። በ1534 ዓ.ም. መጨረሻ በወፍላ ጦርነት ዳ ጋማ ተማርኮ ሲገደል እቴጌይቱ በጦሩ ሰፈር ነበሩ፤ ከሴቶቻቸውም ጋር የቁስለኞችን ቁስል ያስሩ ነበር።

እንግዲህ በሁለቱ የጦር ሰፈሮች ውስጥ ሁለት ሴቶች እንደ ነበሩ አስተውሉ። ሁለቱም ድንኳን የሚያውቁ፣ ሁለቱም የጦር መሪ ሚስቶች፣ ሁለቱም እናቶች ነበሩ። ለድል ወንበራ የባላቸው ድል የአባታቸው ደም መመለስ ነበር፤ ለሰብለ ወንጌል ግን ያው ድል የቤታቸው መፍረስ ነበር።

በየካቲት 1535 ዓ.ም. ነገሩ ተገለበጠ። ከጣና ባሕር በስተ ምሥራቅ፣ ወይና ደጋ በተባለው ስፍራ፣ ዐፄ ገላውዴዎስና የተረፉት ፖርቱጋሎች ከኢማም አሕመድ ጋር ገጠሙ። ኢማሙ በጥይት ተመትተው ወደቁ፤ ሠራዊታቸውም ተበተነ። ባቲ ድል ወንበራ ከተረፉት ፈረሰኞች ጋር ሸሽተው ከዚያ ሁሉ ርቀት ሐረር ገቡ። ልጃቸው መሐመድ ግን በዐፄ ገላውዴዎስ እጅ ተማርኮ ቀረ። በአንድ ቀን ባላቸውንም ልጃቸውንም አጡ። ትናንት በእቴጌ ሰብለ ወንጌል ላይ የደረሰው ዛሬ በእርሳቸው ላይ ደረሰ።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር፣ ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ነው። ከጦርነቱ በኋላ ሁለቱ እናቶች በመልእክት ተደራደሩ። የድል ወንበራ ልጅ በሰብለ ወንጌል ቤት እጅ ነበረ፤ የሰብለ ወንጌል ልጅ ደግሞ የድል ወንበራ ወገኖች ለቱርክ ሰጥተውት በባሕር ማዶ ነበረ። ልጅ በልጅ እንዲለወጥ ተስማሙ፤ ሚናስ ከየመን ተመልሶ ለእናቱ ተሰጠ፤ መሐመድም ወደ ሐረር ወደ እናቱ ተመለሰ።

ይህ ነገር ሲነገር ቀላል ይመስላል፤ ሲታሰብ ግን ቀላል አይደለም። አንደኛ፣ ሚናስ በሐረር አልነበረም። እርሱን ለማስመጣት የባሕሩን ማዶ ፓሻ ማግባባት ያስፈልግ ነበር። ሁለተኛ፣ በሁለቱ ወገኖች መካከል የዐሥራ አራት ዓመት ደም ነበረ። ሦስተኛ፣ ልጁን አስቀድሞ የሚልክ ወገን ባዶ እጁን እንዳይቀር ይፈራል። እኛ በችሎት ስንት ጊዜ ያየነው ነው፤ ስለ አንድ ማሳ ድንበር የተጣሉ ጎረቤታሞች እንኳ «አስቀድሞ እርሱ ይመልስ» እየተባባሉ ዓመት ይፈጃሉ። እነዚህ ሁለት ሴቶች ግን ቋንቋቸው፣ ሃይማኖታቸውና መንግሥታቸው የተለያየ ሲሆን፣ የባሎቻቸውም ደም ገና ሳይደርቅ፣ አንዲቱ የሌላይቱን ቃል አመነች። ይህ የባቲ ድል ወንበራ የመጀመሪያው ቃል ነው፤ ልጅን ወደ ቤት የመለሰ ቃል።

ሁለተኛው ቃል ግን ከዚህ የተለየ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የኢማሙ የእኅት ልጅ ኑር ሙጃሂድ ባቲ ድል ወንበራን ለማግባት ጠየቁ። ባቲም የባላቸውን ደም የሚመልሱ ከሆነ እንደሚያገቧቸው ነገሩ። ኑርም እሺ ብለው ተጋቡ። «ሴት የላከው ሞት አይፈራም» ይባል የለምን? አሚር ኑር የሐረር ገዥ ሆነው ከተማይቱን በግንብ አጠሩ፤ ያም ጀጎል የተባለው ግንብ እስከ ዛሬ ቆሞ፣ በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስ መዝገብ ተጽፎአል። ግንቡን ከጨረሱ በኋላ ግን የገቡት ቃል ይጠብቃቸው ነበር።

በመጋቢት 1551 ዓ.ም.፣ በሰሙነ ሕማማት፣ አሚር ኑርና ዐፄ ገላውዴዎስ ተዋጉ። ዐፄ ገላውዴዎስ በጦሩ ሜዳ ሞቱ፤ ራሳቸውም ተቈርጦ ወደ ሐረር ተወሰደ። ቃሉ ተፈጸመ፤ ደሙም ተመለሰ።

አሁን እንደ ፍርድ ቤት ጸሐፊ ሒሳቡን ላቅርብ። ዐፄ ገላውዴዎስ የማን ልጅ ናቸው? የእቴጌ ሰብለ ወንጌል ልጅ ናቸው፤ ባቲ ድል ወንበራ ልጅ በልጅ የተለዋወጧቸው የእኒያው እናት ልጅ። የመጀመሪያው ቃል ለዚያች እናት አንድ ልጅ ሰጣት፤ ሁለተኛው ቃል ከዚያችው እናት አንድ ልጅ ወሰደባት። ደግሞስ በሟቹ ንጉሥ ዙፋን ላይ ማን ተቀመጠ? ሚናስ ተቀመጡ፤ ባቲ ድል ወንበራ ከየመን ያስመለሷቸው ያው ልጅ! ከ1551 እስከ 1555 ዓ.ም. ዐፄ ሚናስ ተብለው ነገሡ። ስለዚህ የበቀሉ ጦር የሰብለ ወንጌልን ቤት ከመንግሥት አላወጣም፤ ዘውዱን ከወንድም ወደ ወንድም ብቻ አሸጋገረው።

በሐረር በኩል ያለው ሒሳብ ግን ከዚህ የከበደ ነው። በዚያው ዓመት የዐፄ ገላውዴዎስ የጦር መሪ ሐመልማል ሐረርን ወጋ፤ የወላስማ ዘር የመጨረሻው ሱልጣን በረካትም ተገደሉ። ከዚህ ከይፋት ዳገት በ1277 ዓ.ም. ገደማ የተነሣው ቤት፣ ከሁለት መቶ ሰባ ዓመት በላይ ከቆየ በኋላ፣ በዚያ በቀል በተፈጸመበት ዓመት ጠፋ። ቀጥሎም በአገሩ ረኃብና ቸነፈር ገባ፤ አሚር ኑርም በ1560 ዓ.ም. ገደማ በዚሁ በሽታ ሞቱ። ረኃቡንና በሽታውን ማንም ሰው አላመጣውም፤ ነገር ግን በረጅም ጦርነት ጐተራው የተራቈተና ጐልማሳው ያለቀበት አገር እንዲህ ያለውን መከራ ለመቋቋም አቅም አይኖረውም።

ይህን ስል ባቲ ድል ወንበራን ለመውቀስ አይደለም። በዚያ ዘመን ደምን መመለስ ግዴታ ነበር፤ ያልመለሰም ይናቅ ነበር። አባታቸውን በጦርነት፣ ባላቸውንም በጦርነት ያጡ ሴት ናቸው። ደግሞም በቀልን የተመኘ የአንድ ወገን ሰው ብቻ አልነበረም፤ የደጋውም ነገሥታት ከዚያ በፊት ብዙ ጊዜ ወደ ይፋትና ወደ አዳል ለበቀል ወርደዋል። እኔ የምለው ይህ ብቻ ነው፤ የዚህች እመቤት ቃል ኀይል ነበረው። ስትፈልግ በጦር የተማረከን ልጅ ከባሕር ማዶ ይመልስ ነበር፤ ስትፈልግ ደግሞ ንጉሥ ያስገድል ነበር። ታሪክ ጸሐፊዎች የኢማሙን ጦርነቶች አንድ በአንድ ቈጥረዋል፤ ነገር ግን ከኢማሙ ሞት በኋላ ለዐሥራ ስድስት ዓመት የተከተለውን ነገር ያለ ሚስቲቱ መረዳት አይቻልም።

እቴጌ ሰብለ ወንጌልስ? ልጃቸው ዐፄ ገላውዴዎስ ከሞቱም በኋላ ዕድሜ አግኝተው፣ የልጅ ልጃቸው ዐፄ ሠርፀ ድንግል በልጅነት በነገሡ ጊዜ የመንግሥቱ አማካሪ ሆኑ፤ በመኳንንቱ መካከል የተነሣውንም ጠብ ለማብረድ ደከሙ። ከአራት ወንዶች ልጆቻቸው ሁለቱ በጦርነት ያለቁባቸው እናት፣ በእርጅናቸው የሰዎችን ልጆች ከጦርነት ለማዳን ሠሩ።

የተከበራችሁ አንባቢዎች፤ እኛ ሠራዊት የለንም፤ በእጃችንም የተማረከ የንጉሥ ልጅ የለም። ነገር ግን በእያንዳንዱ ቤት ሁለቱ ቃላት አሉ። ባል ተበሳጭቶ ከገበያ ወይም ከማሳ ሲመለስ፣ ሚስቲቱ «ዝም ብለህ ተዋረድህን?» ልትለው ትችላለች፤ «እስኪ ውኃ ጠጣ፤ ሽማግሌ እንላክ» ልትለውም ትችላለች። ፊተኛው ቃል ወደ እኛ መዝገብ ያመጣዋል፤ ኋለኛው ግን ወደ ሽማግሌዎች ጥላ ይወስደዋል። ባልም እንደዚሁ የሚስቱን ቃል «የሴት ነገር» ብሎ ከመናቁ በፊት፣ ያ ቃል ምን ያህል መንገድ እንደሚሄድ ያስብ።

ይህን ጽሑፍ በአንዲት እናት ነገር ልጨርስ። ከዓመታት በፊት በዚህ በቆላው አንድ ጐልማሳ በውኃ ጠብ ተገድሎ ነገሩ ወደ ፍርድ ቤት መጣ። ገዳዩ በሕግ ተፈረደበት፤ ነገር ግን የሟች ወንድሞች የገዳዩን ታናሽ ወንድም እንደሚጠብቁት ሁሉም ያውቅ ነበር። ቄሱም ሼኩም ያሉባቸው ሽማግሌዎች ተሰብስበው ወደ ሟች እናት ሄዱ። እኔም የዚያው ሰፈር ነዋሪ ስለ ነበርሁ ከኋላ ተከትዬ ሄድሁ። እናቲቱ ብዙ ሰዓት መሬት መሬት እያየች ዝም አለች። ልጆችዋም አፏን ይጠብቁ ነበር። በመጨረሻ ቀና ብላ፣ «ያችኛዋም እናት ናት፤ እንደ እኔ አትሁን» አለች። ሌላ ነገር አልተናገረችም። የሟች ወንድሞች በትራቸውን ከመሬት አኖሩ፤ ያ ታናሽ ወንድምም ዛሬ የልጆች አባት ነው።

በዚያ በገዳዩ መዝገብ ውስጥ የምስክሮቹ ስም፣ የሐኪሙ ማስረጃ፣ የፍርዱም ቃል በየተራው ተጽፎ ይገኛል። የእናቲቱ ቃል ግን አልተጻፈም፤ ለጻፍሁት መዝገብ አላስፈለገም ነበርና። ስለዚህ በዚህ ገጽ ላይ ጻፍሁት።